የጋሼ ጆሮ

ከልጆቹ ሁሉ የመጨረሻዋ ስለነበረች ቤተሰቡ «ጠብታ» ይላት ነበር፤ ጋኑ ከተገለበጠ በኋላ ከሥሩ የወረደች ጠብታ ለማለት። በቀልድ የወጣላት ስም ነው። ቀልድ ሲቆይ ግን ስም ይሆናል፣ ስምም ሲቆይ ዕጣ ይሆናል። ታላላቆቿ አንዱ ትዳር ይዞ፣ አንዱ ሥራ ይዞ፣ አንዱ ሻንጣ ብቻ ይዞ ሲወጡ እሷ ከአባቷ ጋር ቀረች። «ቅሪ» ያላት ሰው የለም። እያንዳንዱ በሩን ከኋላው ዘግቶ ሲሄድ ከውስጥ የተገኘችው እሷ ሆነች፣ ይኸው ነው።

አባቷ በሙያቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ዘፋኙም፣ አቀናባሪውም፣ ድምፅ ቀራጩም «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ሌላ ስም አላስፈለጋቸውም። ሥራቸው ለዘፈን የመጨረሻው እጅ መሆን ነው። ዘፈን ተቀርጾ፣ ድምፁና መሣሪያው ተመጣጥኖ ካለቀ በኋላ፣ ሕዝብ ጆሮ ሳይገባ አንድ ሰው ዘንድ ያድራል። ባለሙያዎቹ ማስተሪንግ ይሉታል። ያ ሰው አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ከበሮ አይመታም፣ ጊታር አይነካም። የወፈረውን ያቀጥናል፣ የሳሳውን ይደግፋል፤ ዘፈኑ በታክሲም፣ በስልክም፣ በትልቅ አዳራሽም ሲከፈት ያው ዘፈን ሆኖ እንዲሰማ ያደርጋል። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ምን ያህል ዝም መባል እንዳለበት የሚወስነውም እሱ ነው። ጋሼን «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ካለ «ተኳሽ ነኝ» ይላሉ። ሰውየው ሲደነግጥ ጠብቀው ነው ታዲያ «የልብስ ማለቴ ነው» የሚሉት። «ሌሎቹ ይሰፋሉ፣ እኔ እተኩሳለሁ። ካውያ ጨርቁን አይቀይረውም፤ ግን ያልተተኮሰ ልብስ ለብሰህ ሰው ፊት አትቆምም።»

የሚሠሩባት ክፍል ከቤቱ ጀርባ ናት። ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅና በጨርቅ የተሸፈነ፣ በሯ ድርብ፣ መስኮት የሚባል የሌላት። ውጭ ዝናብ ይጣል ፀሐይ ትውጣ እዚያ ውስጥ አይታወቅም። ሁለቱ በሮች ከተዘጉ ሰው የገዛ ምራቁን ሲውጥ ይሰማዋል። ጠብታ ያደገችው እዚያ ነው። በልጅነቷ አባቷ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ያሰሟትና «ምን ተቀየረ?» ይሏታል። «ሰውዬው ወደ ኋላ ሄደ» ትላለች። «ከበሮው ሆዱ ጎደለ» ትላለች። ጋሼ በደስታ አናቷን ይስሟታል። ሌሎቹ ልጆች ውጭ ኳስ ሲያባርሩ እሷ ከዚያች ክፍል አትወጣም ነበር፤ ያኔ ግን የሚያወጣት ቢመጣ እንኳ እሺ አትልም።

ነገሩ የተጀመረው ታክሲ ውስጥ ነው። ከገበያ ስትመለስ ሾፌሩ አባቷ የጨረሱትን አዲስ ዘፈን ከፈተ። ዘፋኙ «ስ» ወይም «ሽ» ያለበት ቃል ሲደርስ ድምፁ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አጠገቧ የተቀመጡ እናት ጆሯቸውን ይዘው ሾፌሩን ቀንስልን አሉት። ጠብታ መጀመሪያ የታክሲው ስፒከር ነው ብላ ነበር። ቤት ገብታ በአባቷ ስፒከር ብትሰማውም ያው ነው። የፊተኛውን ሥራ አወጣች፣ ትንሽ ይሻላል፤ ከዚያም በፊት የነበረውን፣ ደህና ነው። ደረጃ በደረጃ እየሾለ የመጣ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ አባቷን ማጥናት ጀመረች። ጀበናው አፉ ላይ ሲንፈቀፈቅ ይሰማሉ፤ ስልክ በሌላ ክፍል ሲያቃጭል ግን አይሰሙም። ማታ ማታ የሚጮኸውን ፌንጣ «ዘንድሮ የት ሄደ?» ብለው ጠየቋት፤ ፌንጣው ደረቱ እስኪሰነጠቅ እየጮኸ ነበር። ምላሱ የደነዘዘ ሰው ወጡ ላይ ጨው እንደሚደፋ፣ አባቷም ያልሰሙትን ቀጭን ድምፅ እየጨመሩ፣ እየጨመሩ ነበር።

ለታላቅ ወንድሟ ነገረችው። ወንድሟ ትዳር ይዞ ቢወጣም ደንበኛ የሚቀበለው፣ ቀጠሮ የሚይዘው፣ ያለቀውን ሥራ የሚያስረክበው እሱ ነው። አዳመጣት፣ ጺሙን ዳበሰ፣ ከዚያም ዝም አይነቅዝም አላት። ለአባባ መንገር ማለት በቁማቸው መቅበር ነው፤ ለደንበኛ መንገር ማለት ደግሞ ቤቱን መዝጋት ነው። «እስቲ አንቺ ጆሮ ጣል አድርጊበት» ብሎ ሄደ። ጣል ማድረግ እንግዲህ ይህን ያህል ከባድ ነገር ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጋሼ ከምሳ በኋላ ያሸልባሉ። ጠብታ ሳህኑን አንስታ፣ ማንኮራፋታቸው እስኪጀምር ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቅና ወደ ሥራ ክፍሏ ትገባለች። የእሳቸውን ሥራ ሳትነካ ሌላ ቅጂ ታወጣለች። የሾለውን ታለዝባለች፤ እሳቸው ያልሰሙትን ፍንጣቂ ታጠፋለች፤ ከመንቃታቸው በፊት ወንበሩን ወደ ቦታው፣ ማዞሪያውንም ወደነበረበት መልሳ ትወጣለች። ወንድሟ የሚያስረክበው ያንን የእሷን ቅጂ ነው። አልበሙ ወጥቶ ሰው ሲያደንቅ ጋሼ ሬዲዮኑን ጠጋ አድርገው ይሰሙና «አየሽ? እጅ አያረጅም» ይሏታል። «አያረጅም አባባ» ትላለች።

ሥራው እያማረ ሲሄድ ደንበኛው በዛ። ያኔ ነው ወጥመዱ የገባት። ጋሼ በስተርጅና ጭራሽ ተሻሉ ተብሎ ተወራ፤ ድሮ ስማቸው በከተማው ብቻ ነበር፣ አሁን ከሌላ አገር ሁሉ ሥራ ይላክላቸዋል። ባበላሸችው ኖሮ ቤቱ ቀስ ብሎ ይዘጋ ነበር። ማበላሸት ግን እጇ እምቢ አላት። እያንዳንዱ ያማረ ዘፈን በበሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ነው፤ የምትቆልፈውም እሷው ናት።

በዚያ ዘመን አንድ ሚክስ የሚሠራ፣ ድምፅና መሣሪያ የሚያመጣጥን ሰው ይመላለስ ነበር። ሳቂታ ነው፤ ሲስቅ ከትከሻው ነው የሚጀምረው። ጠብታ ወደደችው፤ ስሜቷን የሚያውቅ መስሎ አይታይም ነበር፤ አንድ ቀን ግን በር ላይ ቆሞ በሌላ ከተማ የራሱን ስቱዲዮ ሊከፍት መሆኑን፣ አብራው ብትሄድ ደግሞ እንደ ሚስትም እንደ ባልደረባም እንደሚያኖራት ነገራት። ደስ አላት፣ ከልቧ ደስ አላት። የያዝኩትን አልበም ልጨርስ አለችው። ያ ሲያልቅ ሌላ መጣ። የያዝኩትን ልጨርስ አለችው። እሱ «የያዝሽው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ግን ሌላ ነገር ታነሣለች፤ በወረቀቱም በወሬውም የያዙት ጋሼ ናቸው። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በመጨረሻ በሰው በኩል ማግባቱን አስነገራት። ያን ቀን ወጡ አረረባት። ጋሼ ቀምሰው ጥሩ ነው አሉ።

እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የጋሼ ጆሮ መክዳቱን ከሁሉ ሰው ያላወቁት ጋሼ ራሳቸው ናቸው ብላ ታስብ ነበር፤ የኖረችውም በዚያ ሐሳብ ላይ ነው።

ከዚያ አንዲት ዘፋኝ መጣች። ድምፅዋ ትንሽ ነው፤ ከመዝፈን ለጓደኛ ምስጢር መንገር ይቀርበዋል። የዘፈን ቤቶች ሁሉ «ጩኸት ይጨመርበት» እያሉ መልሰዋታል። በአልበሟ ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ በትንፋሽ የሚጀምር አንድ ዘፈን አለ፤ ትንፋሿን ትስባለች፣ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ነው የመጀመሪያው ቃል የሚወጣው። ያንን ትንፋሽ ማንም ቆርጦ እንዳይጥልባት ስለፈራች፣ ሥራው ሲሠራ አጠገብ ካልተቀመጥኩ አለች። ወንድምየው ሊያግባባት ሞከረ፤ ጋሼ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት አላት፣ ክፍሏ ጠባብ ናት አላት። አልሰማችውም። በዚያ ላይ ከሰዓት መንገድ አላት፤ ያለቀውን በእጇ ይዛ መሄድ ነው የምትፈልገው።

ረፋድ ላይ ሦስቱም ክፍሏ ውስጥ ገቡ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ፣ ዘፋኟ አጠገባቸው፣ ጠብታ ከኋላ ሶፋው ጥግ። ወንድሟ በሩን ይዞ ቆሟል። ጠብታ በሐሳቧ መውጫ ትፈልጋለች፤ ሥራው ከምሳ በፊት ካለቀ ልጅቷ ይዛው ትሄዳለች፣ የአባቷ እንቅልፍ አይጠበቅም፣ እንቅልፍ ከሌለ የእሷ ሰዓት የለም። ትንፋሹ ተሰማ። ዘፈኑ ጀመረ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ ማዞሪያው ሰደዱ፣ ቀጭኑን ድምፅ ጨመሩ። የዘፋኟ ትከሻ ትንሽ ከፍ አለ። ደግመው ጨመሩ። ዘፋኟ ጣቶቿን ጭኗ ውስጥ ቀበረች።

ትንሽ አልበዛም ወይ ብላ በለሆሳስ ጠየቀቻቸው። ምኑ አሉ ጋሼ። እንጃ፣ እርስዎ ያውቃሉ አለች። ጋሼም ያው እንደሚያውቅ ሰው ጨመሩ። ትንፋሹ ትንፋሽ መሆኑ ቀርቶ የተቀደደ ጎማ ሆነ። «ስ» ያለበት ቃል ሁሉ ጥርስ ያፋጫል። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጋሼን የሚያህል ሰው ሲሠራ አፍ መክፈት ነውር መስሏት ዋጥ አደረገችው።

ጠብታ ሳታስበው ተነሥታ ቆማለች።

«አባባ፣ ‹ስ›ዋ እያቃጠለች ነው።»

ወንድሟ በዓይኑ ተቆጣት። ጋሼ ዘፈኑን አቆሙት። እጃቸውን ከማዞሪያው ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ወደ ልጃቸው አልዞሩም፤ ወደ ዘፋኟ ነው የዞሩት፣ ፈገግ ብለው።

«ልጄ፣ ውጪና ምሳሽን በልተሽ ተመለሺ። የኔ ሥራ የሚበስለው ከምሳ በኋላ ነው፤ እኔ ስተኛ።»

ዘፋኟ የሽማግሌ ቀልድ መስሏት ሳቀች፣ ቦርሳዋንም ይዛ ወጣች። ወንድምየው የሚሸኛት መስሎ አብሯት ሾልኮ ሄደ። ጠብታ አልሳቀችም። ሶፋው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ያውቁ ኖሯል?»

«አንድ ጊዜ አንድ ዘፈን ሳልነካው ተውኩት» አሉ። «እንዳለ ትቼው ሄጄ ተኛሁ። ተሠርቶ ወጣ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ።»

«መቼ ነው ይሄ?»

ጋሼ የወንበሩን እጀታ ዳበሱ። «ያ ሳቂታ ልጅ ገና እዚህ ሲመላለስ» አሉ።

ለካ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ማንኮራፋት የምትጠብቅባቸው ቀናት ሁሉ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚያንኮራፉት ሰው ነቅተው ነበር። እሷ ቀስ ብላ ስትራመድ እሳቸው ቀስ ብለው ይተነፍሱ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከአባቷ የምትደብቅ ሲመስላት፣ የተደበቀባት እሷው ናት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር።» መልሰው «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት።

«እንዳይሰበሩ ብዬ።»

«ተይው በቃ» አሉ ጋሼ። ከዚያ ተነሡ፣ ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት፣ ልጅቷ ሳትመለስ ጨርሺላት ብለው እንደ ልማዳቸው ወደ መኝታቸው ሄዱ። ምሳም አልበሉ።

ጠብታ ወንበሩን አየችው። ከዚያ በሁለቱም በሮች ወጣች፣ በግቢው በር ወጣች፣ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሄደች። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። የታክሲ ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ ትገቢያለሽ ወይ አላት። ወዴት እንደሆነ አልጠየቀችውም። ሰዎች እያለፏት ወደ እግሯ ሲያዩ እሷም አየች፤ የቤት ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። ታክሲው ሄደ። ሌላም መጣ፣ ሄደ። መሄድ እንደምትችል ያን ቀን አወቀች፤ የሚያግዳት ሰው፣ የሚይዛት ገመድ የለም። ግን የምትሄድበትን ቦታ ለማሰብ ብትሞክር አንዲት ብቻ ናት የመጣችላት፣ የሳቂታው ስቱዲዮ፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ሴት አለች። የተቀረውን ዓለም አልለመደችውም። ያቺ ዘፋኝ ልጅ ትንፋሿን ይዛ ክፍሏ ውስጥ ቆማ የምትጠብቃት መሰላት፣ ተመለሰች።

ሥራው ጊዜ አልፈጀባትም። የአባቷን ጭማሪ ሁሉ አወረደችው። «ስ»ን ለይታ፣ እሷን ብቻ፣ ጥርሷን አደነዘችላት። ከታች በኩል ልጅቷ ደረቷ ያለበትን ቦታ ፈልጋ ጥቂት ሙቀት ሰጠችው። ዘመኑ ዘፈን ሁሉ ጣሪያ እስኪነካ ይጨመቅ የሚል ነው፤ ሲጨመቅ ሹክሹክታውም ጩኸቱም እኩል ይሆናል፣ ሰሚውም ሳያውቀው ይደክመዋል። አልጨመቀችውም። ትንሹን ትንሽ አድርጋ ተወችው፣ ሰሚው ራሱ ጠጋ እንዲል። ትንፋሹንም አልነካችውም። ከሱ በፊት ያለውን ዝምታ ግን ጥቂት አስረዘመችው።

ዘፋኟ ተመልሳ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያልቅ አልተነቃነቀችም። ጋሼ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በሩ ላይ ቆመው ነበርና ወደ እሳቸው ዞራ ልታመሰግናቸው ስትጀምር፣ «እሷን አመስግኚ» አሏት። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ልጅቷ ግን ሞኝ አልነበረችም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች፣ ገባት።

አልበሙ ሽፋን ላይ የማን ስም ይጻፍ የሚለው በቤቱ ውስጥ ጠብ አስነሣ። ወንድምየው ስም ማለት የሱቅ በር ነው፣ በሩን ነቅለሽ ሱቁ ይቀራል ብለሽ ነው ወይ እያለ ጮኸ። ዘፋኟ በስልክ ደውላ ለጠብታ ያንቺን ላስጽፍ አለቻት። ጠብታ ይህን ጥያቄ ዓመታት የጠበቀች ሰው ናት። «ይቅር፣ የአባባ ይሁን» ስትል የገዛ አፏ ገረማት። ስልኩን ዘግታ ማን አስገደደኝ ብላ ብትፈልግ ከራሷ በቀር ሰው አጣች።

አንድ ነገር ግን ጠየቀች፤ ከእንግዲህ ደንበኛ ሲመጣም ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ አለች። ጋሼ እሺ አሉ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ደንበኞቹ መጥተው ከእሷ ትከሻ በላይ ነበር የሚያወሩት። «ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?» ይላሉ፤ ጋሼም ያልሰሙትን «ጥሩ ነው» ይላሉ፤ ደንበኛው ፊቱ ይበራል። እሷ ማዞሪያውን የምታዞርላቸው እጅ ብቻ ነበረች። አንዱማ ስትሠራ ቆይቶ፣ ልጅዎ ታዛዥ ናት፣ ይባረኩ አላቸው። ጋሼ ሳቁ፤ ከዚያ ልጃቸውን አይተው ሳቃቸውን ዋጡት።

ዘፋኟ ግን አልረሳቻትም። በከተማው ማዶ ላለ አንድ ትልቅ የቀረጻ ቤት ስለ ጠብታ ነገረች፤ የቤቱ ባለቤት ሴት ነበረች፣ ጠራቻት። ክፍሉ ሰፊ፣ ስፒከሮቹ እሷ ያላየቻቸው ዓይነት ናቸው። የቀረጻ ቤቱ ሰዎች ስለ እሷ የሚባለውን ሰምተው ነበርና ለማየት ከኋላዋ ተሰበሰቡ። አንድ ዘፈን ከፈቱላት። ሰማችው። የጎደለውን ወዲያው አወቀችው፤ ጊታሩ ከዘፋኙ ጋር አንድ ቦታ ላይ ይጋፋል። እጇን ወደ ማዞሪያው ሰደደች፤ እጇ ግን ቆመ። ጀርባዋ ላይ ዓይን ሲያርፍ፣ ትሰማው የነበረው ድምፅ ሁሉ ጠፋባት። ደግመው ከፈቱላት። እጇ አሁንም እንደ ሌባ እጅ ሸሸ። እቤት ደንበኛው ዓይኑን ከጋሼ ላይ አያነሣም ነበር፤ በሕይወቷ ሙሉ ነቅቶ የሚከታተላት ሰው እያለ ሠርታ አታውቅም፤ ወይም እንደዚያ መስሏት ነው የሠራችው።

«እባካችሁ ምሳ ውጡልኝ» አለች።

የምሳ ሰዓት አልነበረም። ተያዩ፣ ሳቅ አሉ፣ የቤቱ ባለቤት ግን አውጥታቸው በሩን ዘጋችላት። ያኔ እጇ ተፈታ። ተመልሰው ሲገቡ አልቆ ነበር። አጨበጨቡላት። እሷ ፊቷ ቀልቶ ቦርሳዋን ትፈልግ ነበር።

ማታ ቤት ስትገባ ጋሼ እራት ሳይበሉ ጠብቀዋታል። እንዴት ነው ቤቱ አሏት።

«ሰፊ ነው» አለች። «አልለመድኩትም።»

«ይለመዳል» አሉ ጋሼ፤ እንጀራውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

አሁን በሳምንት ጥቂት ቀን እዚያ ትሠራለች፣ የቀረውን እቤት። የቀረጻ ቤቱ ሰዎች ጸባይዋን ለምደውታል፤ ጠብታ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሳትናገር አንድ በአንድ ተነሥተው ይወጣሉ። አንዳንድ ቀን፣ ሁሉም ከወጡ በኋላ፣ በሩን ጥቂት ገርበብ አድርጋ ለመሥራት ትሞክራለች። እስካሁን አልሆነላትም። ከኮሪደሩ የሰው ኮቴ ከሰማች ተነሥታ ትዘጋዋለች።